ጉልበቱን ያመመው ገበሬ ጉልበቱን እንዳያጣ

ስለ መገጣጠሚያ ሕመምና ስለ አካል እንቅስቃሴ ሕክምና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

ከወልድያ በስተሰሜን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቆቦ የሚደርስ መንገደኛ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራሮች፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚያሻቅበውን ደጋ፣ በመካከሉም ወደ አላማጣ የሚዘልቀውን ሰፊ የራያ ሜዳ ይመለከታል። አፈሩ ከደጋው በጎርፍ ተጠርጎ የመጣ ደለል ስለሆነ ውሃ ካገኘ ማሽላውም ጤፉም ያምርበታል። ችግሩ ዝናቡ ላይ ነው። የራያ ገበሬ ግን እጁን አጣጥፎ ዝናብ ሲጠብቅ አልኖረም። እንደ ሆርማትና ጎሊና ካሉት ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ በዶማና በአካፋ፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሰው ጉልበት ነው። ጠለፋው በጎርፍ ይፈርሳል፤ ተመልሶም ይታደሳል። ማሽላው ይሸለሸላል፣ ይታረማል፣ ማማ ላይ ተወጥቶ ወፍ ይጠበቅለታል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል። አገዳው ተሸክፎ ለከብትና ለማገዶ ወደ ቤት ይገባል። ከጉድጓድ ውሃ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙትም ቢሆኑ ችግኙን ቁጢጥ ብለው ይተክላሉ፤ ቁጢጥ ብለው ያርማሉ።

በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። ሁለተኛው የሰው ኃይል ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት ያለ ምክንያት አይመስልም። ጉልበቱን ያመመው ገበሬ ጉልበት ያጣልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ማጣት በአብዛኛው ሊዘገይና ሊቀል የሚችል መሆኑን፣ ለዚህም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፣ በሐኪሞች አጠራር ፊዚዮቴራፒ፣ ያለውን ድርሻ ለማስረዳት ነው።

«የግብርና ሰው ስለ ሕክምና ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ምርጥ ዘርም ሆነ ማዳበሪያ፣ እርከንም ሆነ መስኖ በራሱ አይሠራም። ሁሉም በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬው ጉልበት ላይ ነው።

ሰነፍ ወይስ ሕመምተኛ?

እስቲ አንድ የሃምሳ አምስት ዓመት ገበሬ እናስብ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ በየቀበሌው አለና። በመጀመሪያ ከማማ ሲወርድ ጉልበቱን ጠቅ ያደርገዋል። ቀጥሎም ቁጢጥ ብሎ ሲያርም ይቆይና ሲነሣ መሬት መደገፍ ይጀምራል። በዓመቱ ከደቦው ቀደም ብሎ ይቀመጣል። የወንፈል ጓደኞቹ «እኛ የእሱን ጨርሰንለት እሱ የእኛን አይጨርስም» ብለው ያጉረመርማሉ። በሁለተኛው ዓመት ወንፈሉ ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የምርቱ ግማሽም ከቤቱ ይወጣል። በመጨረሻም «ምን ያደርጉልኛል?» ብሎ በሬዎቹን ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው «ታሟል» አላለም። የተባለው «ሰንፏል» ነው፤ ደግ የሆነው ሰው ቢበዛ «አርጅቷል» ይላል።

ሚስቱም ከዚህ የተሻለ ዕድል የላትም። እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ከምጣዱ ሥር ቁጢጥ ብላ ትጋግራለች። እሱ የተወውን ሥራ ስትጨምርበት ጉልበቷ ከእሱ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። በዓለም ላይ በዚህ ሕመም ከሚሠቃዩት ከመቶው ስድሳ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን የዓለም የጤና ድርጅት ገልጿል።

እዚህ ላይ የመሪዎች ኃላፊነት ይመጣል። በተፋሰስ ሥራ ማን ድንጋይ ይሸከም፣ ማን ጉድጓድ ይቆፍር፣ ማን ችግኝ ይንከባከብ የሚለውን የሚደለድለው መሪው ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ከመነሻው ተጠቃሚውን ለሁለት የከፈለ ነበር፤ መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርቶ፣ መሥራት የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዳ። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ቀላል ሥራ መሥራት የሚችለውን ነገር ግን ድንጋይ መሸከም የማይችለውን ሰው ለይቶ ማወቅ የሚችለው ሕመሙን የተረዳ መሪ ብቻ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሕመሙ በሕክምና ቋንቋ ኦስቲኦአርትራይተስ ይባላል። በእኛ ዘንድ አንዱ «ቁርጥማት»፣ ሌላው «ሪህ»፣ ሌላው ደግሞ «ብርድ መታኝ» ይለዋል። ሪህ ግን በደም ውስጥ በሚበዛ አሲድ ምክንያት የሚመጣ ሌላ ሕመም ስለሆነ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳና በሚያሟልጭ ሽፋን ተለብጧል። በመካከላቸውም እንደ እንቁላል ውሃ የሚያሟልጭ ፈሳሽ አለ። ዙሪያውን ጅማትና ሥጋ ደግፎ ይይዛቸዋል። ሕመሙ ሲጀምር ለስላሳው ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፣ የአጥንቱ ጠርዝ ያብባል፣ መገጣጠሚያውም አልፎ አልፎ ያብጣል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ፣ በተለይም የፊት ጭን፣ ይከሳል።

ነገሩን በእርሻ ዕቃ ብንመስለው ይቀላል። ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙበት ጠፍር ሲላላ እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል፤ ይንጫጫል፤ ይበላል። ብልህ ገበሬ ጠፍሩን ያጠብቃል እንጂ እርሻውን አያቆምም። ለጉልበትም ጠፍሩ የጭን ሥጋ ነው። የጭን ሥጋ ሲጠነክር መገጣጠሚያው ይረጋል፣ ጫናውም ይከፋፈላል።

ሕመሙ በብዛት የሚያጠቃው ጉልበትን፣ ዳሌን፣ አከርካሪንና የእጅ ጣቶችን ነው። ዕድሜ ዋነኛው ምክንያት ነው። ከዚያ በተጨማሪ የቀድሞ ስብራት ወይም ወለምታ፣ የሰውነት ክብደት፣ ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ እንዲሁም ከባድ ሸክምና ለረጅም ጊዜ ተንበርክኮ ወይም ቁጢጥ ብሎ መሥራት ያባብሱታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ለብዙ ዓመታት በእርሻ ሥራ የቆዩ ሰዎች በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ከሌሎች ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይቷል። በጠቅላላው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም እንደነበረባቸው፣ ከእነዚህም 365 ሚሊዮኑ ሕመሙ በጉልበታቸው ላይ እንደነበረ የዓለም የጤና ድርጅት መረጃ ያመለክታል። ስለሆነም ነገሩ የአንድ ሰው ስንፍና ወይም የአንድ ቀበሌ ብርድ አይደለም።

ሕመሙን ለይቶ ለማወቅ ሁልጊዜ ራጅ አያስፈልግም። ዕድሜው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሲሠራና ሲሄድ የሚያመው፣ ሲያርፍ የሚሻለው፣ ጠዋት ሲነሣ የሚሰማው መገታተር ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ከሆነ የጤና ባለሙያ ጠይቆና ዳስሶ ሊለየው ይችላል። ይህም ገበሬው ለራጅ ሲል ከተማ ለከተማ እየተንከራተተ የሚያወጣውን ወጪ ያድናል።

መድኃኒቱ እንቅስቃሴ ነው

ብዙ ሰው «የታመመ ጉልበት ማረፍ አለበት፤ ከተንቀሳቀሰ ያልቃል» ብሎ ያምናል። ይህ አስተሳሰብ ከሕመሙ ይበልጥ ሰው ጎድቷል። ለስላሳው የአጥንት ሽፋን የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም ወደ ሽፋኑ የሚገባውና የሚወጣው መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ ነው። የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን አላሳረፈውም፤ አስርቦታል። በተጨማሪም የጭን ሥጋው ይመነምናል፤ ሥጋው ሲመነምን ጉልበቱ ይከዳል፤ ሲከዳ ይፈራል፤ ሲፈራ ደግሞ ይበልጥ ይቀመጣል።

በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም በቅድሚያ እንዲሰጥ ያዘዘው ክኒን ሳይሆን ለሕመምተኛው የተመጠነ የአካል እንቅስቃሴ ነው። በዴንማርክ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ፕሮግራምም አለ። በዚህ ፕሮግራም ሕመምተኞች ስለ ሕመማቸው ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት፣ በድምሩ 12 ጊዜ በባለሙያ እየታዩ እንቅስቃሴ ይሠራሉ። ዘዴው ሕመምን እንደሚቀንስና አካሄድን እንደሚያሻሽል በመታየቱ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያም ተዛምቷል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ገበሬ «እኛ ከንጋት እስከ ምሽት ስንንቀሳቀስ እንውል የለምን? ሌላ እንቅስቃሴ ምን ይጨምርልናል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእርሻ ሥራ እንቅስቃሴ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሥራ የሚያዘው ማሳው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። አራሚው ለሰዓታት በአንድ ሁኔታ ታጥፎ ይቆያል፤ ተሸካሚው ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፤ ሲደክመውም አያቆምም። የሕክምና እንቅስቃሴ ግን በልክ ይጀመራል፣ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል፣ የደከመውን ሥጋ ለይቶ ያጠነክራል። አንድ ወይፈን በአንድ ቀን ቀንበር ለምዶ ቀኑን ሙሉ እንዲያርስ እንደማይገደድ ሁሉ የታመመ ጉልበትም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይለማመዳል።

በቤት የሚሠሩ አራት እንቅስቃሴዎች

የሚከተሉት እንቅስቃሴዎች መሣሪያ አይፈልጉም። መደብ፣ ሰሌን ወይም ቁርበትና የቤት ምሰሶ ይበቃሉ። ቢቻል በመጀመሪያ የጤና ባለሙያ ቢያሳይ ይመረጣል።

አንደኛ፤ ከፍ ያለ መደብ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። አንዱን እግር ጉልበቱ እስኪቃና ድረስ ወደ ፊት መዘርጋት፣ የጭኑን ሥጋ ማጥበቅ፣ እስከ አምስት ቆጥሮ ቀስ ብሎ መመለስ። በየእግሩ 10 ጊዜ።

ሁለተኛ፤ በጀርባ መተኛት። አንዱን ጉልበት አጥፎ እግሩን መሬት ማስረገጥ፤ ሌላውን እግር ሳያጥፉ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ማንሣት፣ እስከ አምስት ቆጥሮ ቀስ ብሎ ማውረድ። በየእግሩ 10 ጊዜ።

ሦስተኛ፤ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከመደብ ላይ መነሣትና መልሶ ቀስ ብሎ መቀመጥ። 10 ጊዜ። የሚያስቸግር ከሆነ መቀመጫውን በታጠፈ ጋቢ ወይም በሌላ ነገር ከፍ ማድረግ ወይም በእጅ መደገፍ ይቻላል። ጉልበቱ ሲጠነክር ወደ ዝቅተኛ መቀመጫ ይወረዳል። ይህ እንቅስቃሴ ከሁሉ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ሰው በየዕለቱ የሚቸገርበትን መነሣትና መቀመጥ ራሱን የሚያለማምድ ነው።

አራተኛ፤ ምሰሶ ይዞ ቆሞ ተረከዝን ከመሬት ማንሣትና ቀስ ብሎ መመለስ። 10 ጊዜ። ይህ ባትን ያጠነክራል፣ ሚዛንንም ያስተካክላል።

እነዚህን በሳምንት ሦስት ቀን መሥራት፣ እየቀለሉ ሲሄዱ 10 ጊዜ የነበረውን ሁለት ዙር፣ ከዚያም ሦስት ዙር ማድረግ ነው። በእንቅስቃሴው ጊዜ ጥቂት ቢያም አያስፈራም። መለኪያው ማግስቱ ጠዋት ነው። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው። ካደረና ከባሰ፣ ወይም ጉልበቱ ካበጠ፣ መጠኑን መቀነስ እንጂ ጨርሶ መተው አይገባም።

ለውጡ በሳምንት አይታይም። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ማሽላም በተዘራ በሳምንቱ አያሸትም። እንቅስቃሴው ሲተው ደግሞ ሥጋው ተመልሶ ስለሚደክም ልማድ ሆኖ መቀጠል አለበት።

ሸክሙን ማቅለል

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዚህ ዓይነቱ ምክር ከገበሬው ይልቅ ለከተማ ነዋሪ የሚስማማ ይመስላል፤ የቆላ ገበሬ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነውና። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል። በጀርባ የተጫነ ሸክምም የሚያልፈው በዚያው ጉልበት ነው። ገበሬው የሚቀንሰው ሥጋ ባይኖረው የሚቀንሰው ሸክም አለው።

ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። አንድ ኬሻ ማዳበሪያ 50 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ ከ55 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም አሳስቧል። በዚህ መሠረት ኩንታል በጀርባ ተሸክሞ ከመኪና የሚያወርድ ወጣት ከልኩ እጥፍ ሊደርስ ትንሽ የቀረውን ሸክም ይሸከማል ማለት ነው። የዛሬው ጀግንነት የነገው ሕመም መሆኑን ወጣቱ ከወዲሁ ሊገነዘበው ይገባል።

የቆቦ ሜዳ ለጥ ያለ መሆኑ ለዚህ ትልቅ ዕድል ነው። የአህያ ጋሪ ይሄድበታል፤ ግመልም ይጫንበታል። ኩንታሉን ለሁለት ከፍሎ መያዝ፣ ውሃውን በአህያ ማመላለስ፣ ዕቃ ከመሬት ሲነሣ ወገብን ጎንበስ አድርጎ ሳይሆን ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሣት ይቻላል። መኮትኮቻው እጀታው ቢረዝም ሰው ቆሞ ይኮተኩታል። ቁጢጥ ማለት ግድ ሲሆን በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማረም፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥቶ እግር ማፍታታት ይገባል። ምጣዱ በጭቃ ወይም በብሎኬት ከፍ ብሎ ቢሠራ እናቶች ቆመው መጋገር ይችላሉ።

ዱላም መድኃኒት ነው። የራያ ሰው ዱላ ከእጁ አይለይም፤ ነገር ግን ትከሻው ላይ ያጋድመዋል እንጂ ጉልበቱን አያግዝበትም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዱላውን መያዝ ያለበት ከታመመው እግር ተቃራኒ በሆነው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበቱን ካመመው ዱላው በግራ እጅ ይሆናል፤ የታመመው እግርና ዱላው አብረው ይራመዳሉ። የዱላው ቁመት ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ አንጓው ድረስ ቢደርስ ልክ ነው። በቤተ ክርስቲያን ረጅም ጊዜ ለሚቆሙ አረጋውያን መቋሚያው ይኸንኑ አገልግሎት ይሰጣል። መስጊድ ሄደው መስገድ የሚያስቸግራቸውም ተቀምጠው መስገድን በሚመለከት የሃይማኖት አባቶቻቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ክኒን፣ መርፌና ወጌሻ

ሕመም ሲጠና ብዙ ሰው ወደ መድኃኒት መደብር ይሮጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉት ክኒኖች ሕመሙን ለጊዜው ማስታገሣቸው እውነት ነው። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን በባለሙያ ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ቢወሰዱ እንቅስቃሴውን ለመጀመርም ያግዛሉ። ያለ ትእዛዝ በየቀኑ ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ደም ያስፈስሳሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ጉልበቱን ለማዳን ኩላሊቱን የከፈለ ሰው አተረፈ አይባልም።

ወጌሻዎቻችን ለኅብረተሰቡ የሰጡት አገልግሎት የሚናቅ አይደለም። በቅባት ማሸትና ሙቅ ጨርቅ ማድረግ ሥጋን ያላላል፤ ለጊዜውም ሕመም ያቀላል። ያበጠን ጉልበት በኃይል መጠምዘዝ፣ መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ቁስልና መመረዝ ያመጣል እንጂ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ሽፋን አይመልስም። መሪዎች ወጌሻውን ከማራቅ ይልቅ ከጤና ባለሙያው ጋር ቢያገናኙት፣ እሱም የሚያሸው ሰው እንቅስቃሴውን እንዲሠራ ቢመክር ይጠቅማል።

ሁሉም የጉልበት ሕመም ግን ከላይ የተገለጸው ዓይነት አይደለም። መገጣጠሚያው በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ከወደቀ ወይም በሬ ከወጋው በኋላ እግሩን መርገጥ ያቃተው ሰውም እንደዚሁ። ብዙ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አብረው የሚያብጡበትና ጠዋት መገታተሩ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥበት፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚከሳና ሌሊት ሕመሙ የማያስተኛው ሰው ሌላ ሕመም ሊኖረው ይችላል። ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ከታመሙ ከብቶች በጥሬ ወተት ከሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ከሚባል በሽታ ሊመጣ ስለሚችል ከብት አርቢዎች ወተት አፍልተው እንዲጠጡ ይመከራሉ።

ባለሙያው የት ይገኛል?

ፊዚዮቴራፒስት የሚባለው ባለሙያ መገጣጠሚያውን መርምሮ የደከመውን ሥጋ ይለያል፣ የእንቅስቃሴውን ዓይነትና መጠን ይወስናል፣ አካሄድ ያስተካክላል፣ ድጋፍና ዱላ ይመጥናል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ባለሙያዎች በዲግሪ ከሚያሠለጥኑት የአገራችን ተቋማት አንዱ ነው። በደሴም በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲታገዝ የቆየ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። ይሁን እንጂ የባለሙያዎቹ ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። የተበላሸውን መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ የሚተካው ቀዶ ሕክምና ደግሞ የሚሰጠው በጥቂት ትላልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም በወሎ ምድር የነበረው ጦርነት የጤና ተቋማትን ክፉኛ መጉዳቱም አይረሳም።

ይህ ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ መሆን የለበትም። ከላይ የተዘረዘረው እንቅስቃሴ ባለሙያው አንድ ጊዜ ካሳየው በኋላ ከደሴም ሆነ ከጎንደር በየቀኑ የሚመጣ ነገር አይደለም። በቤት መደብ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት የሚዞሩ በመሆናቸው ይህን ትምህርት ለማድረስ ከማንም ይቀርባሉ።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

እንግዲህ የገበሬ ማኅበር መሪ ሐኪም ይሁን አይባልም። ነገር ግን ያለ ገንዘብና ያለ ደብዳቤ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ሥራዎች አሉ።

ከሁሉ በፊት የሥራ ድልድሉን ይመርምር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ድንጋይ ከሚሸከም ይልቅ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ዘር ቢለቅም፣ የእርከን ውሃ ልክ ቢይዝ፣ የመስኖ ተራ ቢቆጣጠር፣ ዕቃ ቢመዘግብና ቢጠብቅ ማኅበሩም አይጎዳም፣ ሰውየውም አይዋረድም። በወንፈልም ቢሆን ሰው ለሰው ብቻ ሳይሆን ሥራ ለሥራ መለዋወጥ ይቻላል፤ አንዱ ሲያጭድ ሌላው በጋሪ ቢያመላልስ ውለታው እኩል ነው።

ቅሬ ሲሰበሰብ ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት ሩብ ሰዓት ይወሰድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተጋብዛ አራቱን እንቅስቃሴዎች ታሳይ። ሽማግሌዎችና እናቶች በኅብረት ሲሠሩት ኀፍረቱ ይጠፋል፤ ብቻውን የጀመረ ሰው ይተወዋል፣ ከጎረቤቱ ጋር የጀመረ ግን ይቀጥላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮም በወቅቱ እንዲከፈል መቀስቀስ ያስፈልጋል። ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ እንደነበር ይታወሳል። መድን ያለው ሰው ሕመሙ ሳይብስ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ቆቦ፣ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ይላካል። መድን የሌለው ግን በሬውን እስኪሸጥ ይጠብቃል።

በመጨረሻም ጋሪ በኅብረት የሚገዛበትንና የውሃ ነጥብ ለመንደር የሚቀርብበትን ዕቅድ ሲያወጡ ነገሩን የመጓጓዣና የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አድርገው አይመልከቱት። አንዲት እናት በየቀኑ የምትሸከመው 20 ኪሎ በግማሽ መንገድ ሲያጥር ጉልበቷ ለተጨማሪ ዓመታት ያገለግላታል።

የራያ ገበሬ በሬው ጥቂት ቢያነክስ ወዲያው ያያል። ቀንበሩን ያወርዳል፣ ሰኮናውን ይመረምራል፣ እሾህ ቢሆን ይነቅላል፣ ድካም ቢሆን ያሳርፈዋል፤ ሲሻለው ደግሞ በቀላል ሥራ ጀምሮ ወደ እርሻው ይመልሰዋል። «ሰነፍ በሬ» ብሎ ከመንጋው አያባርረውም። ይህን ማስተዋል ለጎረቤቱና ለራሱም ቢያደርገው ኖሮ ብዙ ማሳ ለእኩል አራሽ ሳይሰጥ፣ ብዙ በሬም ለገበያ ሳይወጣ በቀረ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ከበስተኋላ ተቀምጦ ለመነሣት ዱላውን የሚፈልገውን ሰው መሪው ልብ ብሎ ይመልከተው። ከስብሰባው በኋላም «ምነው ቀረህ?» ከማለት አስቀድሞ «ጉልበትህ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀው።